ሰናፍጭ፣ ውሃና ጊዜ፦ የአንድ የቻይና ምግብ ማጥቀሻ ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የተጻፈ)



በዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ድንበር ነው። እኔም ከዚህ ቀደም እዚሁ ቆሜ የተናገርሁት ስለ ንግድ መስመሮችና ስለ ጉምሩክ ነበር። ዛሬ ግን በአንዲት ትንሽ ሳህን ስለሚቀርብ ነገር ልነግራችሁ መጥቻለሁ፤ በአሜሪካ ባሉ የቻይና ምግብ ቤቶች ገበታ ላይ ስለሚገኘው ብርቱ ሰናፍጭ። ርእሱ ለዚህ አዳራሽ ያነሰ የሚመስለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። የመረጥሁት ግን ለመቀለድ አይደለም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ስለዚሁ ነገር በሰው ፊት የተሳሳተ ፍርድ ሰጥቻለሁ፤ ስሕተትን ለማረም ደግሞ ተገቢው ቦታ ሌሎች የሚማሩበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ በአሜሪካ በምትገኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ እኖር ነበር። ከምኖርበት ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ ባልና ሚስት የሆኑ ቻይናውያን የሚያስተዳድሩት አነስተኛ ምግብ ቤት ነበር። የተማሪ ኪሴ የሚችለው ርካሹን ምግብ ብቻ ነበርና የማዝዘው አትክልትና ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ በዘይት የተጠበሰውን ነበር። ከእርሱ ጋር ሁልጊዜ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ይቀርባሉ፤ በአንዱ ከፍራፍሬ የተሠራ ጣፋጭ ማጥቀሻ፣ በሌላው ቢጫና ቀጠን ያለ ሰናፍጭ። በመጀመሪያው ዕለት ምንነቱን ሳልጠይቅ ደፍሬ አጥቅሼ ጎረስሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምላስ እምብዛም አይጎዳም፤ ሕመሙ ሽቅብ ወደ አፍንጫና ወደ ግንባር ይወጣል፤ ዐይን እንባ ያቀርራል፤ ጥቂት ቆይቶም ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። አማርኛ ለዚህ ስሜት የራሱ ግሥ አለው። በርበሬና ሚጥሚጣ ያቃጥላሉ፤ ሰናፍጭ ግን ይሰነፍጣል። የስሙና የግሡ ዝምድና ግልጽ ነው። ብዙ ቋንቋዎች ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ቃል ሲጠቀልሉ የእኛው ለያይቶ ማስቀመጡን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በእናቴ ቤት የጾም ገበታ ላይ የማውቀውን ነገር በቻይናውያን ገበታ ላይ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ወደ ወጥ ቤቱ የሚያስገባው በር ተከፍቶ ሳለ መደርደሪያው ላይ ቢጫ የእንግሊዝ ሰናፍጭ ዱቄት ቆርቆሮ አየሁ። በዚያ ዓመት በሴሚናራችን የምንወያየው ጥንታዊ ስለሚባሉና ኋላ ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ሆነው ስለሚገኙ ወጎች ነበር። አንድን ወግ «ይህ እኮ የትናንት ነው» ብሎ ማጋለጥ ለወጣት ተመራማሪ ትልቅ ደስታ ነው። እኔም ባቀረብሁት አጭር ጽሑፍ ይህ ሰናፍጭ የእንግሊዝ ዱቄት እንጂ ቻይናዊ እንዳልሆነ፣ ስደተኞቹ ለአሜሪካዊ ደንበኛ ሲሉ የፈጠሩት ማስመሰያ እንደሆነ ደመደምሁ። ማስረጃዬ ቆርቆሮው ነበር። ጽሑፉም ተወደደልኝ።

ቀጥሎ እኔው ራሴ በቤቴ ልሠራው ፈለግሁ። እንዲያው አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ገዝቼ፣ ዱቄቱን በሳህን አድርጌ፣ ሻይ እንደሚያፈላ ሰው ከእሳት የወረደ ውሃ አፈሰስሁበት። የወጣው መራራ ቢጫ ጭቃ ነበር፤ አንዳች የሚሰነፍጥ ነገር አልነበረውም። ደግሜ ሞከርሁ፤ ያው ሆነ። ዱቄቱ ያረጀ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ለእናቴ ስልክ ስደውል ነገሩን አነሣሁባት። ያደረግሁትን ስነግራት ሳቀች። «በፈላ ውሃ? ልጄ፣ ገደልኸዋ! ሰናፍጭ እኮ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወድ። ለውሰህ ክደነውና እስኪቆጣ ተወው» አለችኝ። በማግስቱ ወደ ምግብ ቤቱ ሄጄ ባለቤቲቱን እንዴት እንደሚሠሩት ጠየቅኋቸው። በጥቂት ቃላት ያንኑ ነገሩኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ መክደን፣ መጠበቅ። የምሳው ለእራት ስለማይሆን በቀን ሁለት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ እንደሚለውሱትም ጨመሩልኝ።

ሁለቱ ሴቶች የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሁለት ክፍለ ዓለም የሚኖሩ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ነበሩ። ሁለቱም የሚያውቁትን እኔ አላውቅም ነበር። ቆርቆሮውን አይቼ ስለ ምግቡ ማንነት ስፈርድ፣ ምግቡን ምግብ የሚያደርገው ሥራ ግን ከዐይኔ ተሰውሮ ነበር። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይህ ነው። የብርቱ ሰናፍጭን ታሪክ በዘሩ ወይም በዕቃው ብቻ ብንከተለው እንስታለን፤ ልንከተለው የሚገባው ከውሃና ከጊዜ ጋር የተያያዘውን የእጅ ዕውቀት ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ለአፍታ መሻገር አለብኝ። ያልተሰበረ የሰናፍጭ ቅንጣት ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የሚሰነፍጠው ነገር በቅንጣቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። በውስጡ ያሉት ተለያይተው የሚቀመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲኒግሪን የሚባል ውሁድ፣ ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም። ቅንጣቱ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ኢንዛይሙ ሲኒግሪንን ይሰብረውና አሊል አይሶታዮሳይኔት የተባለ፣ በቀላሉ የሚተን ዘይት ይወጣል። ለተክሉ ይህ የመከላከያ መሣሪያ ነው፤ የሚያኝከውን ነፍሳት ያባርርለታል። ስለሚተንም ከምላስ ይልቅ አፍንጫን ያጠቃል። በ2004 በዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ የሠሩ ተመራማሪዎች የሰናፍጭ ዘይት የሚያነቃቃው የነርቭ ተቀባይ በርበሬ ከሚያነቃቃው የተለየ መሆኑን አሳይተዋል። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። አማርኛ «ያቃጥላል» እና «ይሰነፍጣል» ብሎ የለየውን ቤተ ሙከራው በራሱ መንገድ ለየው ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር ለታሪካችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ስለ ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው ሰናፍጩ ሳይወለድ ይሞታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ አድርጎ፣ ለብ ያለ ውሃ ደግሞ ፈጠን አድርጎ ያስቆጣዋል። ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። ከተለወሰ በኋላ ኃይሉ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያህል እያደገ ይሄዳል፤ ከዚያ እየተነነና በውሃው ውስጥ እየፈረሰ ይደክማል። ሦስተኛው ስለ ኮምጣጣ ነገር ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ገና ከመጀመሪያው ከገባ የኢንዛይሙን ሥራ ያዘገየዋል፤ ሰናፍጩ ከተቆጣ በኋላ ከገባ ግን የደረሰበትን ኃይል ያቆይለታል። በጠርሙስ ታሽጎ ከወራት በፊት የተሠራ ሰናፍጭ የምግብ ቤቱን ያህል የማይሰነፍጠው ለዚህ ነው። በአሜሪካ የታወቀው ለስላሳ ቢጫ ሰናፍጭ ደግሞ የሚሠራው ከሌላ ዝርያ፣ ከነጭ ሰናፍጭ ነው፤ የዚያ ዘር ውሁድ የሚያወጣው ነገር እምብዛም ስለማይተን ወደ አፍንጫ አይወጣም፤ ደማቅ ቀለሙም የእርድ ነው።

አሁን ወደ ቻይና እንሂድ። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጠናቀረው የሥርዓት መጽሐፍ፣ በቻይንኛ ሊጂ የሚባለው፣ ስለ ቤት አስተዳደር በሚናገርበት ክፍል ምን ከምን ጋር መበላት እንዳለበት ይደነግጋል። በስሱ ለተቆረጠ ጥሬ ሥጋ በጸደይ ሽንኩርት፣ በመኸር ሰናፍጭ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ለጥሬ ዓሣም የሰናፍጭ ማጥቀሻ ይመድባል። ይህን ስታነቡ ምን እንደሚታያችሁ መገመት አያዳግተኝም። ቁርጥ በቀረበበት ገበታ ላይ አዋዜና ሰናፍጭ ጎን ለጎን ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ምንም ምክንያት የለም። ሁለት ሕዝቦች ለጥሬ ሥጋ ተስማሚ ሆኖ ያገኙት ቅመም አንድ መሆኑ ግን ሊያስገርመን ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው። የሰሜን ዌይ ሥርወ መንግሥት ሹም የነበረው ጂያ ሲሺዬ ከ533 እስከ 544 ባለው ጊዜ ገደማ ቺሚን ያኦሹ የተባለ ትልቅ የግብርና መጽሐፍ አዘጋጀ። መጽሐፉ ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት እርባታ፣ ስለ ጠመቃና ስለ ምግብ ዝግጅት ያስተምራል። በውስጡ ስለ ሰናፍጭ አሠራርም ተጽፏል። ቅንጣቱ አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንዲደርቅ፣ አሸዋው ታጥቦ እንዲወጣ፣ እስኪልም ድረስ እንዲፈጭ ያዝዛል። ብዙ ለሚያዘጋጅ ሰው በሙቀጫ መውቀጥን፣ በሐር ወንፊት መንፋትን፣ በውሃ ለውሶ እንደገና መፍጨትን ይመክራል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የደነቀኝ። የተለወሰው ሰናፍጭ በሳህኑ ላይ ተለጥፎ፣ ሳህኑ በመጥረጊያ ላይ ተደፍቶ ለጥቂት ጊዜ እንዲቆይ ይነግረናል፤ ዓላማው መራራ ጠባዩን መግደል ነው። ብዙ ከቆየ ጨርሶ እንደማይሰነፍጥ፣ ፈጽሞ ካልቆየ ደግሞ ከመጠን በላይ የበረታና የመረረ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ማጥቀሻ ለሚያደርገው ሰው ደግሞ ምሬቱ እንደ ሞተ ወዲያው በጥሩ ኮምጣጤ እንዲያቀጥነው ይመክራል።

ተማሪዎቼ፣ ይህን በዝግታ ተመልከቱት። ማድረቅ፣ ማጣራት፣ ማላም፣ ውሃ፣ ጊዜ፣ ከጊዜው በኋላ ኮምጣጤ። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንቷን ቡሲ ሲኒግሪንንና ማይሮሲኔዝን ለይቶ ያሳወቀው በ1840 ገደማ ነው። ከዚያ 1,300 ዓመት አስቀድሞ አንድ የቻይና ሹም ቅደም ተከተሉን በትክክል ጽፎት እናገኛለን። ጂያ ሲሺዬ ይህን ያወቀው ከሠሪዎቹ ነው። መጽሐፉን ሲያዘጋጅ የቀደሙ መጻሕፍትን ከመመርመሩም ባሻገር ልምድ ካላቸው ሰዎች ጠይቆ እንደ ተማረ ራሱ በመግቢያው ይናገራል። የአንድን ወጥ ቤት ሰዓት በመጽሐፍ ላይ ማስፈር ለክብሩ የሚያንስ ሥራ ሆኖ አልታየውም።

የቻይና ገበታ ከዚያ በኋላ ብዙ ተለውጧል። ጥሬ ዓሣን በስሱ ቆርጦ የመብላት ልማድ በአብዛኛው አገር እየቀነሰ ሄደ። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር በባሕር መጥቶ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቻይና ተመዘገበ፤ ጋኦ ሊየን በ1591 ባወጣው መጽሐፍ ጠቅሶታል። ከዚያ በፊት ለቻይና ምግብ ብርታት ይሰጡ ከነበሩት መካከል ዝንጅብል፣ የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬና ሰናፍጭ ነበሩ። የእኛም ታሪክ ተመሳሳይ ገጽ አለው፤ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰበው በርበሬ ከዚያው አህጉር የመጣ እንግዳ ነው፤ ሰናፍጭ ግን ከእርሱ በፊት ነበረ። በርበሬ ነገሠ እንጂ ሰናፍጭ ከገበታ አልወረደም። በቤይጂንግ እስከ ዛሬ የክረምትና የአዲስ ዓመት ምግብ የሆነ ጂዬሞ ዱን የሚባል አለ፤ ትኩስ ውሃ ያለፈበት የቻይና ጎመን በሰናፍጭ፣ በስኳርና በኮምጣጤ ተነባብሮ፣ በማሰሮ ታሽጎ የሚዘጋጅ ነው።

ከተክሉ አንጻር ደግሞ ዝምድናችን ከመመሳሰል ያልፋል። በ1935 በጃፓን ይሠሩ የነበሩት የኮሪያ ተወላጅ ዉ ጃንግ ቹን የጎመን ወገኖችን ዝምድና በሦስት ማዕዘን ሥዕል አሳዩ። በሥዕሉ መሠረት ቻይናውያን ሰናፍጫቸውን የሚያወጡበት ተክል 18 ክሮሞሶም በጋሜት ሲኖረው፣ የተወለደው 8 ካለው ከጥቁር ሰናፍጭና 10 ካለው የቻይና ጎመን ከሚመደብበት ዝርያ ነው። የእኛ የአበሻ ጎመን ደግሞ 17 ሲኖረው፣ የተወለደው ከዚያው ከጥቁር ሰናፍጭና 9 ካለው ጥቅል ጎመን ከሚመደብበት ዝርያ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን የምንቀቅለው፣ ዘሩን ጎመን ዘር ብለን ምጣድ የምናሰስበት ተክል ከቻይናው ሰናፍጭ ጋር በአንድ ወላጅ ይገናኛል። ያ የጋራ ወላጅ ጥቁሩ ሰናፍጭ ነው፤ በገበያችን «ሰናፍጭ» ተብሎ የሚሸጠው እርሱው ነው።

የእንግሊዙ ቆርቆሮስ? እንግሊዛውያን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሰናፍጭን ፈጭተውና በወንፊት ነፍተው ደረቅ ዱቄት አድርገው መሸጥ አስፋፉ። በ1814 ጀረማያ ኮልማን በኖሪች አጠገብ በሚገኝ ወፍጮ የጀመረው ንግድ ይህን ዱቄት በዓለም ዙሪያ አዳረሰው። የፈጠራው ብልሃት ምን ላይ እንደሆነ አሁን ለማየት እንችላለን። ደረቅ ዱቄት ውስጥ ውሃ ስለሌለ ሥራው አይጀመርም፤ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቃል። ገዢው የመፍጨቱን ድካም ያተርፋል፣ መለወሱና መጠበቁ ግን ለእርሱው ይቀራል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በጥንት ጊዜ የእንግሊዝ ዱቄት ጥቁር ሰናፍጭ ነበረበት፤ የጥቁር ሰናፍጭ ፍሬ ግን ሲበስል እየፈነዳ ስለሚረግፍ ለማጨጃ መኪና አልመች አለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በቡናማው ሰናፍጭ ተተካ። ቡናማው ሰናፍጭ ከላይ ያልኋችሁ፣ በቻይና የሚታወቀው ዝርያ ነው። በዚያ መደርደሪያ ላይ ያየሁት የእንግሊዝ ቆርቆሮ በውስጡ የያዘው ለባለቤቶቹ ባዕድ ያልሆነ ዘር ነበር። ማስረጃዬ በጀርባዬ እየሳቀብኝ ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ የቻይና ምግብ ቤቶች መታየት የጀመሩት ከ1849 የካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ጋር ነው። አብዛኞቹ ስደተኞች ከደቡባዊው የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የመጡ ነበሩ፤ የሰናፍጭን ቅጠል እንደ አትክልት አሳምረው ያውቁታል። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ከለከለ፤ የተሻረው በ1943 ነው። ነጋዴዎች ግን ከክልከላው ነፃ ነበሩ። በ1915 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትነትን ከነጋዴነት እንዲቆጠር ሲፈቅድ፣ ምግብ ቤት መክፈት ለብዙ ቤተ ሰብ ዋነኛ የሕጋዊ መግቢያ በር ሆነ፤ የምግብ ቤቶቹም ቁጥር ከፍ አለ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የሚሠራ ሰው ያገኘውን ነገር በሚያውቀው ዘዴ መሥራት ነበረበት። ከአገሩ ዘር ማስመጣት ውድና አስቸጋሪ ሲሆን የሰናፍጭ ዱቄት ግን በየሱቁ ነበር። ደንበኛውም ሥጋን በሰናፍጭ መብላት ከእንግሊዝ ወግ የወረሰው ነው። ሁለት ልማዶች በአንዲት ሳህን ላይ ተገናኙ።

እንግዲህ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት «ማስመሰያ» ያልሁት ይህንን ነው። ዛሬ ስሕተቴን በሁለት ከፍዬ አየዋለሁ። አንደኛው የዕውቀት ስሕተት ነው፤ የምግብን ማንነት በዕቃው መለያ ላይ ፈለግሁት። ሁለተኛው ግን የፍርድ ስሕተት ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳፍረኛል። በክልከላ ሕግ ሥር የኖሩ ሰዎች ያለ አገራቸው ዘር፣ ያለ አገራቸው ወፍጮ ጠብቀው ያቆዩትን ነገር፣ በምቹ ወንበር ላይ ተቀምጬ «እውነተኛ አይደለም» አልሁት። እኔ ራሴ በዚያው ከተማ ከስንዴና ከገብስ ዱቄት እንጀራ እየጋገርሁ እበላ ነበር። ማንም መጥቶ «ይህ እንጀራ አይደለም» ቢለኝ ኖሮ እንደምቀየመው አልጠራጠርም።

ስለ ስም አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ነገሩ ስሙን ለውጦ እንደሚጓዝ ሁሉ ስም ብቻውን ያለ ነገሩ ይጓዛል። በዛሬዋ ቻይና ጂዬሞ የሚለው ቃል ከጃፓን ምግብ ጋር ለሚቀርበው አረንጓዴ ማጥቀሻም ያገለግላል፤ ያ ግን የሌላ ተክል ነው። የእኛ ምሳሌ የበለጠ መራራ ነው። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በወገኖቻችን ላይ ያዘነቡት መርዝ በሰነዶች ውስጥ «የሰናፍጭ ጋዝ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። መርዙ በ1917 በኢፕር ግንባር ሥራ ላይ ሲውል ሽታው ሰናፍጭን ስላስታወሰ ይህን ስም አገኘ እንጂ ከተክሉ የሚወጣ ነገር የለበትም። አንድ ቃል የጾም ገበታንና የጦር ወንጀልን በአንድነት ሊሸከም ይችላል፤ ስለዚህ በማኅደር ውስጥ ስም ስታገኙ ነገሩን ጠይቁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የእኛ ወጥ ቤት ስለ ሰናፍጭ የሚያውቀው ጥቂት አይደለም። አዚፋ የሚሠራ ሰው የተቀቀለ ድፍን ምስር ላይ የተለወሰ ሰናፍጭ ካደረገ በኋላ ሎሚ ይጨምቅበታል፤ ሎሚው የሚሠራውን ሥራ ከላይ አይተናል። ስልጆ የሚያዘጋጁ እናቶች የባቄላ ዱቄትን ከሱፍ ውሃ ጋር አብስለው ሲያበቁ ሰናፍጩን የሚያስገቡት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትኩስ ሳለ ቢያስገቡት ምን እንደሚሆን የእኔ ቢጫ ጭቃ ምስክር ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ሙቀትንና ጊዜን የሚመለከት ነው፤ የምግብ መጻሕፍቶቻችን ግን ሲጽፉት «ሰናፍጭ፣ ሁለት ማንኪያ» ብለው ያልፋሉ። መጠኑ አለ፤ ሰዓቱ የለም።

በቤታችሁ ልትሞክሩት ብትፈልጉ ቀላል ነው። ከገበያ የተገዛውን ቅንጣት ጠጠሩን ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ፈጭታችሁ በወንፊት ንፉት። ሁለት ማንኪያ ዱቄት በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለውሱ፤ ቢወፍርባችሁ ጥቂት ጨምሩ። ክደኑትና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን አታቅርቡት። ከዚያ ጨውና ጥቂት አቼቶ ጨምሩበት፤ ለአንድ ገበታ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። በሊጥ ተጠቅልሎ ከተጠበሰ አትክልት ጋር ብታቀርቡት የቻይና ምግብ ቤቱ ማጥቀሻ ነው፤ በምስር ላይ ብታደርጉት ደግሞ የየትኛው አገር እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም።

ተማሪዎቼ፣ ለዚህ ሴሚስተር የምሰጣችሁ ሥራ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከእናታችሁ፣ ከአያታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ እማማ ጎን ቆማችሁ አንድ ነገር ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱ። ምን ያህል እንደሚጨመር ብቻ አትጻፉ። ውሃው ምን ያህል እንደ ሞቀ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ፣ መድረሱ በምን እንደ ታወቀ ጻፉ። ጂያ ሲሺዬ ከ1,400 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ እርሱ ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ እኔ ስለ ስሕተቴ ይህን ያህል በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም ነበር።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰናፍጭ ስትለውስ ልጅ ሳለሁ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ በስልክም «እስኪቆጣ» ያለችኝን አልረሳሁም። ክዳኑን ከማንሣቷ በፊት መቆጣቱን በምን ታውቅ እንደ ነበር ግን ሳልጠይቃት ቀረሁ። እናንተ ጠይቁ።